ባሕር ያላየ መምህር

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከዓመታት በፊት ነው። እዚሁ አምበር ውስጥ ስለ አዱሊስ ወደብ እያስተማርኩ ነበር። የአክሱም ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስ ጭነው ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ፣ እኔም ከሰሌዳው ፊት ቆሜ በእጄ ማዕበል እሠራለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም። ጣናን ግን አይቻለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ያላዩትን እንዴት ነው የሚያስተምሩን?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልሞክር። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን ጥያቄው ከባሕር ወደ ሰፈራችን ምንጭ ወሰደኝና እኔኑ ጥፋተኛ አድርጎ አገኘኝ። መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ።

(የፈረንጆቹን ዘመን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቻለሁ፤ እንዳትደናገሩ።)

*

ጎጃም ባሕር የለውም፤ ቃሉን ግን በየቀኑ ይጠራዋል። ሐይቁን «የጣና ባሕር» እንለዋለን፤ ከተማውም ባሕር ዳር ነው። በቆሎውን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር አባቶቻችን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና። የአጽዋማትና የበዓላት መቁጠሪያው ባሕረ ሐሳብ ነው። ከዚያ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የዲማው ወይም የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ተማሪ እግሩ ባሕር ረግጦ አያውቅም። ግን በቅኔው ባሕር ይከፍላል፣ ባሕር ያሻግራል። ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 103ን ያውቃል፤ ምንጩ በሸለቆ ሲፈስ፣ ወፎቹ በቅርንጫፍ ላይ ሲጮሁ፣ ሰፊዋ ባሕርና በውስጧ ያሉት ታላላቅና ታናናሽ እንስሳት ሁሉ አንድ ላይ ተሰልፈዋል። በጾመ ነነዌ ደግሞ ዮናስ በየዓመቱ ዓሣ አንበሪው ሆድ ውስጥ ይገባል። አያቶቻችን ባሕርን በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው የሚያውቁት።

ስለዚህ «ያላዩትን እንዴት» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው፦ ሰው ያላየውን ነገር ሊወድ ይችላል። ሁለተኛውን መልስ ለማግኘት ግን አንዲት አሜሪካዊት ላስተዋውቃችሁ።

*

ሬቸል ካርሰን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1907 በፔንሲልቬኒያ፣ ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ወንዝ ዳር ያለ አገር ነው። ልጅቱ ስለ ባሕር ያነበበችው ሁሉ ልቧን ሰቅሎት አደገች። ኮሌጅ ስትገባ ሐሳቧ ደራሲ መሆን ነበር፤ መሃል ላይ ወደ ሥነ ሕይወት ትምህርት ዞረች። ባሕርን በዓይኗ ያየችው ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ዉድስ ሆል ወደሚባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ስትሄድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ለመሥሪያ ቤቱ መግቢያ እንዲሆን የጻፈችውን ስለ ባሕር ሕይወት የሚያትት ጽሑፍ አለቃዋ አነበበውና «ይህ ለእኛ አይሆንም፤ ለትልቅ መጽሔት ላኪው» አላት። እ.ኤ.አ. በ1937 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1941 የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች። የመጽሐፉ ባለታሪኮች ሰዎች አይደሉም። አንዲት የባሕር ዳር ወፍ፣ አንድ ማከሬል ዓሣ፣ አንዲት ኢል የምትባል እባብ መሳይ ዓሣ ናቸው። ኢሏ ከየብስ ኩሬ ተነስታ በወንዝ ወርዳ ጥልቅ ባሕር ድረስ ስትጓዝ ይተርካል። ጊዜው የጦርነት ነበርና መጽሐፉን ብዙ ሰው አልገዛውም። እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣችው «በዙሪያችን ያለው ባሕር» ግን አገር ያወቀው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሦስተኛውን፣ ስለ ባሕሩ ዳርቻ፣ ጻፈች።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ማንንም አልከሰሰችም። የምትወደውን ነገር በዝርዝር ስትነግረን ነው የቆየችው። እ.ኤ.አ. በ1962 ያንን ዓለምን ያናወጠ መጽሐፏን ስታወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ርዕሱን ወደ እኛ ብናመጣው «ድምፅ የሌለው የአበባ ወቅት» ማለት ነው፤ ወፎቹ በተባይ ማጥፊያ መርዝ አልቀው የማይዘምሩበት ወቅት። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ካናዳው ሚራሚቺ ወንዝ ትተርካለች። እ.ኤ.አ. በ1954 የጫካውን ትል ለማጥፋት ዲዲቲ ከአውሮፕላን ተረጨ፤ ወንዙ ውስጥ የተፈለፈሉት የሳልሞን ዓሣ ልጆች አለቁ። ይህን የምትጽፈው ሴት የአንዲትን ዓሣ መንገድ ከኩሬ እስከ ጥልቅ ባሕር የተከተለችው ያችው ሴት ናት። ለዚህ ነው ሰው ያመናት። እሷ እ.ኤ.አ. በ1964 በካንሰር አረፈች፤ አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል የከለከለችው ከስምንት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ለታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ፍቅር፣ ቀጥሎ በቅርብ አይቶ መጻፍ፣ ከዚያ መከላከል። መሃለኛውን ዘለን ከፍቅር ወደ ሙግት ብንሄድ የምንሟገትለትን ነገር በደንብ አናውቀውም።

*

አሁን ወደ ራሳችን ባሕር እንምጣ። ስለ ጣናና ስለ አባይ ማን ጻፈ? ምንስ ጻፈ?

የእኛው ቀዳሚ ነው። የሰከላው ግሽ አባይ ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ጻድቁ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውሃው ሳያርስ መለሰላቸው። ይህን ታሪክ እንደ መምህር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። መጽሐፍን ለውሃ አደራ መስጠት! ሕዝባችን ምንጩን እንደ ታማኝ ሰው ይቆጥረው ነበር ማለት ነው። የተከበረ ምንጭ ደግሞ ዙሪያው አይታረስም፣ ዛፉ አይቆረጥም።

ፈረንጆቹ ቀጠሉ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ሆኖ ምንጩ ላይ ደረሰና ያየውን ጻፈ፤ ጽሑፉ ግን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሙሉ አልታተመም። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1770 ደረሰና ለንጉሡ ጤና ከምንጩ ውሃ ጠጣ። «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ለማለትም ፓኤዝን ሐሰተኛ ለማድረግ ብዙ ቀለም አፈሰሰ። ለሁለቱም ምንጩ የሚገኝ ነገር ነበር፤ ተገኘ፣ አለቀ።

የተለየው ሜጀር ቺስማን ነው። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ዳንግላ የተቀመጠ የእንግሊዝ ቆንሲል ነበር። መንግሥቱ ስለ ጣናና ስለ አባይ ውሃ የራሱ ጉዳይ እንደነበረው አንርሳ፤ ግብፅና ሱዳን በእጁ ነበሩ። ሰውየው ግን ወፍ አጥኚ ነበር። የአባይን በረሃ በእግርና በበቅሎ ተከተለው፣ ጣናን ዞረው፣ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎበኘ፣ የደንገል ታንኳውን ሥራ፣ ወፉን፣ ዛፉን መዘገበ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። ዛሬ «ያኔ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብለን ስንጠይቅ የምንገልጠው የእሱን መጽሐፍ ነው። የእኛን አገር የዕለት ውሎ የጻፈው እንግዳ ነው፤ ይህ አይከነክናችሁም?

እኛስ? እኛ ዘፈንን፣ ተቀኘን። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ)፣ የቻግኒ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ስለ አባይ ስታዜም አልቅሶ ያልሰማት ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ግጥሞቻችን ግን በአመዛኙ አባይን የሚያዩት ከጀርባው ነው። ሲሄድ፣ ጥሎን ሲሄድ፣ ለሌላ ሲሰጥ። ቂምም ፍቅርም አለበት። ሲነሳ ግን፣ ከሣር ሥር ጠብ ጠብ ሲል፣ ማን አየው?

*

አንድ ነገር አለን ግን። ተረትና ምሳሌያችን። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል።»

ስንት ጊዜ ብላችሁታል? ቤት አልባውን ለመተረብ ነው የምንጠቀምበት። እስኪ እንደ ታሪክ ማስረጃ አንብቡት። ወንዙ ግንድ ይዟል! ግንዱ ከየት መጣ? ከተራራው ነዋ። ይህን የተናገረ ሰው የክረምት ጎርፍ ዛፍ ነቅሎ ሲወስድ ቆሞ ያየ ሰው ነው። በእኔ ግምት ይህ ከጥንታዊ የአካባቢ ጥበቃ ጽሑፎቻችን አንዱ ነው፤ ያልተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ዛሬ ግንዱም አልቋል፤ የሚወርደው አፈሩ ነው። ከአምበር ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ የምታዩት ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ ከዚያ እየወረዱ ነው አባይ የሚገቡት። ጮቄ ላይ ጓሳው፣ አስታውና ጅባራው ናቸው ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይዘው ቀስ እያሉ ለምንጮች የሚለቁት። ገብሱና ድንቹ ዳገቱን እየወጣ፣ እየወጣ ሲሄድ ሰፍነጉ ተገፈፈ። በሐምሌ ውሃው ቡና መስሎ ይወርዳል፤ በመጋቢት ድንጋዩ ብቻ ይቀራል።

አባይ በዓመት ድንበር አሻግሮ የሚወስደው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራችው የሮዜሬስ ግድብ ከመጀመሪያው መያዣው ሲሶ ያህሉ በዚሁ ደለል ተሞልቶ ነበር። «የእኛ አፈር እዚያ ሄደ» እያልን ስንቆጭ ኖርን። አሁን ነገሩ ተለውጧል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ባሕር ሆነልን። ባሕር አላየሁም ያልኩት ሰውዬ እንኳ አሁን ሰበብ የለኝም። ግን ደለሉም ከእንግዲህ የሚተኛው እዚያው እኛ ባሕር ውስጥ ነው። ጮቄ ላይ ያልተሠራ እርከን ጉባ ላይ ይቆጠራል።

*

ከጣናም አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም የካርሰንን የኢል ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ጣና ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ አለ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእርግጥ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአሥር የሚበልጡ ዓይነቶች ናቸው፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ለያቸውና ሐይቁ ውስጥ በራሳቸው መንገድ ተለዋወጡ። ይህን የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አብረው አጥንተውታል። ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ።

ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጠብቃቸውም ያኔ ነው። የሞተር ጀልባና የመረብ ማስገር ከተስፋፋ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሏል። ጠጠሩም ደለል ለብሷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ እምቦጭ መጣ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልትነቅሉ ዘምታችሁ ነበር።

እስኪ ንገሩኝ፤ የአንዲትን ነጭ ዓሣ የሐምሌ ጉዞ ከጣና እስከ ጉማራ ራስ በአማርኛ የጻፈ ደራሲ ታውቃላችሁ? ካለ ልግዛው። ስለ እምቦጭ ግን በሺህ የሚቆጠር ጽሑፍ አንብበናል። ጠላቱን ጻፍነው፤ ወዳጁን አልጻፍነውም።

*

አሁን የራሴን።

ያደግሁት ከአምበር ወጣ ባለ ገጠር ነው። ከቤታችን በታች ጨፌ ነበር፤ ከጨፌው ራስ ምንጭ ይፈልቃል። ስም እንኳ አልነበራትም፤ «ምንጯ» ነበር የምንላት። እናቴ በእንስራ ከእሷ ቀድታ ነው ያሳደገችን። ለበዓል ቄጤማ የሚታጨደው ከዚያው ነው።

መምህር ሆኜ ደመወዝ መቀበል ከጀመርኩ በኋላ የጨፌውን ዳር ባሕር ዛፍ ተከልኩበት። ሁሉም ሰው ይተክል ነበር። አልዋሽም፤ ዛፉ ውለታ ውሎልኛል። በስድስትና በሰባት ዓመቱ ቆርጬ ሸጥኩት፣ ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩበት፣ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ልጅ አስተማርኩበት።

ምንጯ መጀመሪያ በሚያዝያ ቀነሰች። ከዚያ በየካቲት። ከዚያ ጭቃ ብቻ ሆነች። እናቴ አንድ ቀን ባዶ እንስራዋን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ «ልጄ፣ ዛፍህ ጠጣብን» አለችኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

የታሪክ መምህር ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋን ከማገዶ እጦት ያዳናት እሱ ነው። ዛፉ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ውሃ ይመጥጣል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል አዋጅ ወጥቶ ነበር። ሰው ግን ገንዘቡን ለመደው፤ አዋጁም ሳይፈጸም ቀረ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ! ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ጠመኔዬን አራግፌ፣ ወደ ቤቴ ሄጄ ተከልኩ።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የዛፉ ነው ማለት ይከብዳል። ከላይ ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሯል፣ ከብቱ ጨፌውን ረግጦታል፣ ሰዉም በዝቷል። የቱ ስንት እጅ እንዳለበት ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአዱሊስን፣ የአክሱምን፣ የጎንደርን ታሪክ የጻፍኩባቸው ደብተሮች እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አሉ። ስለ ምንጯ ግን አንዲት መስመር የለኝም። በስንት ዓ.ም. መቀነስ እንደጀመረች፣ ስንት እንስራ በስንት ሰዓት ትሞላ እንደነበር፣ ዙሪያዋ ምን ዛፍ እንደነበር አልጻፍኩም። እወዳት ነበር፣ አላየኋትም። እናቴም አልፋለች፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እና ያ ተማሪዬ፣ ያን ቀን የጠየቅኸኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የጠየቅኸኝ ግን በተሳሳተ ውሃ ላይ ነው። «ያላዩትን ባሕር እንዴት ያስተምራሉ?» ከምትለኝ «በየቀኑ የሚያዩትን ምንጭ ለምን አያስተምሩንም?» ብትለኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

*

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዕድሜ ቢገፋም መምህር መምህር ነው።

ልጅ ሆናችሁ የጠጣችሁበትን አንድ ምንጭ ምረጡ። ግጥም አልፈልግም፤ ግጥም አለን። ስሙን፣ የት ቀበሌ እንደሆነ፣ ዙሪያው ምን ዛፍና ሣር እንደነበረ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ፣ አሁን አለ ወይስ ደርቋል የሚለውን ጻፉ። እናት አባት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ነገ አትበሉ። አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ ስልክ ደውሉ። እዚሁ ስር አስቀምጡልኝ፤ እኔ በደብተር እገለብጠዋለሁ። ከአነደድ ሃያ ምንጭ ብናገኝ የማንም ቆንሲል ያልጻፈው መዝገብ ይሆናል።

እኔ ከጨፌው ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ባለፈው ዓመት ቆርጬ ጉቶውን አስነቅያለሁ። ገንዘቡ አሳስቶኝ ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ልቀይር ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ዘንድሮ በክረምቱ ቄጤማው እንደገና ብቅ ብሏል። ምንጯ ገና ናት። በየወሩ መጀመሪያ ሄጄ አያለሁ፤ ያየሁትንም ከእነቀኑ እጽፋለሁ። እስካሁን «ጭቃ፣ ውሃ የለም» የሚሉ መስመሮች ናቸው ያሉኝ። ቢሆንም ተጽፈዋል።

ቸር ሰንብቱ።